ከኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኢ-ቡክና ቪዲዮ እንዴት ይዋሳሉ? ከመግቢያው እስከ መመለሻው

ፈተናው ነገ ጠዋት ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ተማሪ በቤተ መጻሕፍታችን የቻት መስመር ጻፈልኝ። የሚፈልገውን መጽሐፍ ካታሎጉ ላይ አግኝቶታል። ሽፋኑ ይታየዋል፤ የምዕራፎቹ ዝርዝርም ይታየዋል። ለማንበብ ሲጫን ግን «ቅጂው በሌላ ተጠቃሚ ተይዟል» ይለዋል። «ፋይል አይደል እንዴ? ፋይል እንዴት ይያዛል?» አለኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። የዲጂታል ውሰት ነገር ሁሉ እዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ። ዛሬ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኢ-ቡክ ያውሳል፣ ፊልም በስትሪሚንግ ያሳያል፣ የቪዲዮ ካሜራም የሚያውስ አለ። ብዙ ተማሪ ግን አገልግሎቱ መኖሩን አያውቅም። የሚያውቀውም አንድ ቦታ ላይ ይሰናከልና ይተወዋል። የሚያሰናክሉት ቦታዎች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለዓመታት ያየኋቸው እነዚያው ናቸው። አንድ በአንድ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ፦ የምትዋሱት ምንድን ነው?

የወረቀት መጽሐፍ አንዴ ከተገዛ የቤተ መጻሕፍቱ ንብረት ነው። ጥራዙ እስኪላቀቅ፣ ገጹ እስኪበጣጠስ ድረስ ይዋሳል። ኢ-ቡክ ላይ ግን ቤተ መጻሕፍቱ በአብዛኛው የሚገዛው መጽሐፉን ሳይሆን ፈቃድ ነው፤ ላይሰንስ የምንለው። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚያነበው፣ ለስንት ቀን እንደሚዋስ፣ ስንት ገጽ ፕሪንት እንደሚደረግ የሚወስነው ይህ ፈቃድ ነው።

እንደ ፕሮኩዌስት ኢቡክ ሴንትራልና ኢብስኮ ባሉት ትልልቅ የኢ-ቡክ መድረኮች ላይ ሦስት ዓይነት ፈቃድ ታያላችሁ። አንዱ በአንድ ጊዜ ለ1 ሰው ብቻ ነው። ሌላው ለ3 ሰው ነው። ሦስተኛው ገደብ የለውም። የዚያ ተማሪ መጽሐፍ የ1 ሰው ነበር። ምናልባት ሌላ የክፍል ጓደኛው መጽሐፉን ከፍቶ፣ ላፕቶፑን ሳይዘጋ ሄዶ ተኝቷል። መጽሐፉ እዚያ ታብ ውስጥ እንደተቆለፈ ይቆያል፤ መድረኩ ሰውየው እንደሌለ እስኪረዳ ድረስ።

ፈቃዱ የሚያልቅበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ ለቤተ መጻሕፍት የሚሸጠው ኢ-ቡክ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ፈቃዱ እንዲያበቃ አደረገ። እያንዳንዱ ውሰት ሁለት ሳምንት ቢሆን፣ 26 ውሰት አንድ ዓመት ማለት ነው። ብዙ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በጊዜው ተቆጥተው ነበር። ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ባለፈው ሴሚስተር የነበረ ኢ-ቡክ ዘንድሮ ከካታሎጉ ቢጠፋባችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ባለሙያውን ጠይቁት፤ ፈቃዱ ሊታደስ ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው።

1. አካውንታችሁን ሳይቸግራችሁ አዘጋጁ

የኮሌጅ መታወቂያ ስላላችሁ ብቻ የቤተ መጻሕፍት አካውንታችሁ ይሠራል ማለት አይደለም። አንዳንድ ኮሌጅ ውስጥ በራሱ ይከፈታል። ሌላ ቦታ ደግሞ ወደ መዋሻው ጠረጴዛ ሄዶ ማስከፈት ያስፈልጋል። ሴሚስተሩ በተጀመረ የመጀመሪያው ሳምንት ይህን አጣሩ።

ከዚያ አንድ ሙከራ አድርጉ። ከግቢ ውጭ ሆናችሁ፣ በስልካችሁ ዳታ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ አንድ ኢ-ቡክ ክፈቱ። ግቢ ውስጥ በዋይፋይ መሞከሩ አይበቃም። ግቢ ውስጥ ስትሆኑ መድረኩ የኮሌጁን ኔትወርክ አይቶ በቀጥታ ሊያስገባችሁ ይችላል። ፓስወርዳችሁ የተበላሸ መሆኑን የምታውቁት ቤት ስትገቡ ነው፤ ያውም እሑድ ማታ።

ኮሌጃችሁ ሲገቡ ወደ ስልክ ኮድ የሚልክ ከሆነ፣ ስልክ ስትቀይሩ አዲሱን ቶሎ አስመዝግቡ።

2. በቤተ መጻሕፍቱ በር ግቡ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ፍለጋችሁን ከጉግል አትጀምሩ። ከቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ጀምሩ።

ምክንያቱ ይኸው። የመጽሐፉን ስም ጉግል ላይ ስትጽፉ የአሳታሚው ገጽ ይመጣል። አሳታሚው ማን እንደሆናችሁ አያውቅም። ስለዚህ ክፈሉ ይላችኋል። ኮሌጃችሁ ግን ቀድሞ ከፍሎላችሁ ሊሆን ይችላል። በራሱ ኪስ ከፍሎ የገዛውን ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል በነፃ ማግኘት እንደሚችል በኋላ ያወቀ ተማሪ አጋጥሞኛል። በጣም ነው ያሳዘነኝ።

በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ስትገቡ በመሃል አንድ በረኛ ይቆማል። በብዙ ኮሌጆች ይህ በረኛ ኢዚፕሮክሲ ይባላል። ከ1999 ጀምሮ ያለ ሶፍትዌር ነው። መታወቂያችሁን ያይና ለአሳታሚው «ይህ ሰው የእኛ ተማሪ ነው» ብሎ ያስገባችኋል። ኦፕንአቴንስ የሚባለውም ሥራው ተመሳሳይ ነው።

በረኛው መኖሩን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጄስቶር የተባለውን የጥናት ጽሑፎች ዳታቤዝ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ክፈቱና የብራውዘሩን የአድራሻ መስመር ተመልከቱ። በኢዚፕሮክሲ የሚሠራ ኮሌጅ ከሆነ፣ በጄስቶር አድራሻ ውስጥ የነበሩት ነጥቦች ወደ ሰረዝ ተቀይረው፣ ከኋላቸው የኮሌጃችሁ አድራሻ ተቀጥሎ ታገኙታላችሁ። ያ ቅጥያ ካለ ገብታችኋል። ከሌለ ውጭ ቆማችኋል፤ ገጹ የቱንም ያህል ቢመሳሰል።

ጉግል ስኮላርን፣ ማለትም የጉግልን የጥናት ጽሑፍ መፈለጊያ፣ ለለመደ ሰው ደግሞ መላ አለው። ጉግል ስኮላር ሴቲንግ ውስጥ «ላይብረሪ ሊንክስ» የሚል አለ። እዚያ የኮሌጃችሁን ስም ፈልጋችሁ ምረጡ። እስከ 5 ቤተ መጻሕፍት ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ኮሌጃችሁ የሚያገኘው ጽሑፍ ሲመጣ ከጎኑ የቤተ መጻሕፍታችሁ ሊንክ ይታያል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

3. ስትፈልጉ

ካታሎጉ ላይ ርዕሱን ከጻፋችሁ በኋላ በጎን በኩል ያለውን ማጣሪያ ተጠቀሙ። «ኦንላይን የሚገኝ» የሚለውን ምረጡ። መምህሩ 4ኛውን እትም ጠይቆ ካታሎጉ 2ኛውን ሊያሳያችሁ ስለሚችል እትሙንም አረጋግጡ። ኢ-ቡክ ላይ ይህ ስህተት በቀላሉ ያመልጣል፤ የሁሉም ሽፋን ስክሪን ላይ የቴምብር ያህል ነው።

ቪዲዮ ስትፈልጉ ግን ካታሎጉን ብቻ አትመኑ። ቤተ መጻሕፍት በሺዎች የሚቆጠሩ ፊልሞችን በአንድ ጥቅል ሲያስገባ እያንዳንዱ ፊልም ካታሎጉ ላይ ላይመዘገብ ይችላል። የቪዲዮ መድረኩን ራሱን ክፈቱና እዚያው ውስጥ ፈልጉ። መድረኮቹ ብዙውን ጊዜ ድረ ገጹ ላይ «ዳታቤዞች» በሚለው ዝርዝር ስር ይገኛሉ።

4. ኢ-ቡኩን መክፈት፣ ማውረድ፣ መመለስ

መጽሐፉን ስታገኙ ሦስት ምርጫ ሊመጣላችሁ ይችላል፦ እዚያው ኦንላይን ማንበብ፣ አንድ ምዕራፍ ማውረድ፣ ሙሉውን ለተወሰነ ቀን መዋስ።

የምትፈልጉት አንድ ምዕራፍ ከሆነ ምዕራፉን በፒዲኤፍ አውርዱ። ፋይሉ የእናንተ ሆኖ ይቀራል፤ ቀኑ አያልፍበትም፤ መጽሐፉንም ለሌላው አታስይዙም። ገደቡ የገጽ ብዛት ነው። መድረኩ ከዚህ መጽሐፍ ይህን ያህል ገጽ ብቻ ይላችኋል። ገጾቹን አስባችሁ አውሉ። መግቢያውንና ማውጫውን አውርዳችሁ ዋናው ምዕራፍ ላይ ገደቡ ቢያልቅባችሁ ያናድዳል።

ሙሉውን መዋስ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ቀስ ብለን እንየው።

«ዳውንሎድ» ስትሉ ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ ፋይል ይወርዳል። ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ «ኤሲኤስኤም» (.acsm) የሚል አለው። ስትከፍቱት አይከፈትም፤ ወይም ኮምፒውተሩ በምን ልክፈተው ይላችኋል። ተማሪው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ደግሞ ያወርዳል፣ ደግሞ ያወርዳል። አንዷ ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ ስትመጣ ዳውንሎድ ፎልደሯ ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው 11 ፋይሎች ነበሩ። ሁሉም ደህና ነበሩ። ፋይሉ መጽሐፉ አይደለም። ቲኬት ነው። ቲኬቱን አይቶ መጽሐፉን የሚያመጣ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ያ ፕሮግራም አዶቢ ዲጂታል ኤዲሽንስ ነው። በነፃ ይገኛል። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

መጀመሪያ አዶቢ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ክፈቱ። ይህ ከኮሌጅ አካውንታችሁ የተለየ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። ቀጥሎ ፕሮግራሙን ጫኑ። ከዚያ ፕሮግራሙ ውስጥ «ኦተራይዝ ኮምፒውተር» የሚለውን ተጭናችሁ በአዶቢ አካውንታችሁ ግቡ። ያለ አካውንት ማለፍም ይቻላል ይላችኋል። አትለፉ። እንዲያ ካለፋችሁ መጽሐፉ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይቀራል፤ ወደ ታብሌታችሁ አይሄድም። በአካውንት ከገባችሁ ግን እስከ 6 መሣሪያ ድረስ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ አሁን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሱና መጽሐፉን አውርዱ። ትንሿን ፋይል ስትከፍቷት ፕሮግራሙ ይነሳል፤ መጽሐፉም ራሱ ይወርዳል። ሽፋኑ ላይ የቀሩት ቀናት ብዛት ይታያል።

ኪንድል የተባለው የኢ-ቡክ ማንበቢያ ያላችሁ፣ ይህ ዓይነቱ ፋይል እሱ ላይ አይከፈትም። ኮቦ በተባለው ሌላው ማንበቢያ ላይ ግን ይሠራል።

አንዳንድ ኮሌጅ ደግሞ ኦቨርድራይቭ የተባለውን የኢ-ቡክ ማዋሻ መድረክ ይጠቀማል። ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። በ2017 የወጣው ሊቢ የሚባለው አፕ ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል። ኮሌጁን መርጣችሁ ትገባላችሁ፣ «ቦሮው» ትላላችሁ፣ አለቀ። መጽሐፉ ከተያዘ ወረፋ ትይዛላችሁ። ተራችሁ ሲደርስ መልእክት ይመጣል፤ መጽሐፉን ለመውሰድ 3 ቀን ይሰጣችኋል። ስለዚህ የአፑን ኖቲፊኬሽን አትዝጉት።

ስትጨርሱ መልሱ። ቀኑ ሲደርስ መጽሐፉ በራሱ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ቅጣት እንደሌለውም አውቃለሁ። ግን የ14 ቀን ውሰት በ3ኛው ቀን ካነበባችሁት፣ 11 ቀን ለማንም ሳይጠቅም ተቆልፎ ይቀመጣል። አዶቢ ውስጥ ሽፋኑ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጫኑና «ሪተርን ቦሮውድ አይተም» በሉ። ሊቢ ላይ «ማኔጅ ሎን» ውስጥ ታገኙታላችሁ። ኦንላይን ብቻ እያነበባችሁ ከሆነ ደግሞ ታቡን ዝጉ፤ ከአካውንቱም ውጡ።

5. ቪዲዮ

ቪዲዮ ከመጽሐፍ ይከብዳል፤ ሀብቱም ያን ያህል ነው። ዘጋቢ ፊልም፣ የመድረክ ቲያትር ቀረጻ፣ የሥነ ልቦና ምክር ናሙና ክፍለ ጊዜ፣ የቀዶ ጥገና ማሳያ፣ የቆዩ የዜና ፊልሞች፤ ዩቲዩብ ላይ ሙሉውን የማታገኟቸው ነገሮች እዚህ አሉ። በኮሌጆች ዘንድ የሚታወቁት መድረኮች ካኖፒ፣ ፊልምስ ኦን ዲማንድ፣ አካዳሚክ ቪዲዮ ኦንላይንና ስዋንክ ናቸው። ካኖፒ በ2008 አውስትራሊያ ውስጥ ለትምህርት ተቋማት ተብሎ የተጀመረ ነው፤ በ2021 ኦቨርድራይቭ ገዝቶታል። ስዋንክ ይበልጥ የሚታወቀው በሲኒማ ፊልሞች ነው። ኮሌጃችሁ ሁሉም ላይኖረው ይችላል። አንዱ ካለው ግን ይበቃችኋል።

አንድ ፊልም ካታሎጉ ላይ ታይቶ ለምን «ለመመልከት ጥያቄ አቅርቡ» ይላል? የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። መልሱ ክፍያው ላይ ነው። ካኖፒ ለረጅም ጊዜ ለኮሌጆች ሲሠራበት በቆየው አንዱ ስልት፣ ተማሪዎች ፊልሙን እንደ ልብ እንዲያዩ ይከፈታል። ከ30 ሴኮንድ በላይ የታየ ሁሉ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ለአራተኛ ጊዜ ሲታይ ቤተ መጻሕፍቱ የአንድ ዓመት ፈቃድ ይገዛል። ለተማሪው ድንቅ ነገር ነው። ለቤተ መጻሕፍቱ በጀት ግን ወራጅ ውኃ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ኮሌጆች ሁሉን ክፍት ማድረጉን ትተው፣ በጥያቄ ብቻ ወደ መፍቀድ ዞረዋል። «ጥያቄ አቅርቡ» ማለት ተከለከላችሁ ማለት አይደለም። ሰው አይቶት ይወሰናል ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን በደንብ ጻፉ። ቅጹ ላይ የፊልሙን ስም ብቻ የሚጽፍ አለ። አይጠቅምም፤ አንድ ስም ያላቸው ፊልሞች ብዙ ናቸው። የዳይሬክተሩን ስም፣ የወጣበትን ዓመት፣ ለየትኛው ኮርስ እንደምትፈልጉት፣ ስንት ተማሪ እንደሚያየው፣ ለየትኛው ቀን እንደሚያስፈልግ ጻፉ። መስማት የተሳነው ተማሪ ክፍሉ ውስጥ ካለ ካፕሽን፣ ማለትም ንግግሩ ስክሪኑ ላይ በጽሑፍ የሚታይበት፣ እንደሚያስፈልግ አንሱ። ቀኑ ከመድረሱ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ላኩት። የፊልሙን መብት የያዘውን ሰው ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ይፈጃል። አንዳንዱ ፊልም ደግሞ ለተቋም ጨርሶ አይሸጥም። ለግል ቤት ብቻ በሚሠራ አገልግሎት ላይ ያለ ፊልም ይህ ነው ችግሩ። ኔትፍሊክስ ለምሳሌ አካውንቱ የቤተሰብ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ገብቶበት ሊያውስ አይችልም። ሆኖም ኔትፍሊክስ የተወሰኑ የራሱን ዘጋቢ ፊልሞች ለትምህርት አንድ ጊዜ በክፍል ውስጥ እንዲታዩ ይፈቅዳል። ፈቃዱ እዚያው የፊልሙ መግለጫ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ስታዩ የሚጠቅሟችሁን ነገሮች ልንገራችሁ።

ብዙ ተማሪ የማይነካው፣ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ትራንስክሪፕቱን ነው። አካዳሚክ ቪዲዮ ኦንላይን ላይ ከቪዲዮው ጎን የተነገረው ሁሉ ተጽፎ ይወርዳል። የፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ «ድርቅ» የሚለውን ቃል በፊልሙ ቋንቋ ጻፉ። ቃሉ የተነገረባቸው ቦታዎች ሁሉ ይወጣሉ። አንዱን መስመር ስትጫኑ ቪዲዮው ዘልሎ እዚያው ይገኛል፤ ተናጋሪው ቃሉን ሲል ትሰሙታላችሁ። የ90 ደቂቃ ፊልም ውስጥ ለጽሑፋችሁ የምትጠቅሷትን አንዲት ንግግር በዚህ መንገድ በደቂቃ ታገኛላችሁ። ስትጠቅሱም ሰዓቱን አብራችሁ መዝግቡ፤ «ከ41፡20 እስከ 42፡05» እያላችሁ።

ክፍል ውስጥ ለማቅረብ ደግሞ ቅንጭብ መቁረጥ ይቻላል። መነሻና መድረሻ ሰዓቱን ትሞላላችሁ፤ መድረኩ ለዚያ ቅንጭብ ብቻ የሚሆን ሊንክ ይሰጣችኋል።

ለጓደኛ ስትልኩ የአድራሻ መስመሩ ላይ ያለውን አትቅዱ። እሱ ብዙ ጊዜ ለዚያች ሰዓት ብቻ የሚሠራ ነው፤ ነገ ይሞታል። ገጹ ላይ «ፐርማሊንክ» ወይም «ሼር» የሚለውን ፈልጉ፤ ከዚያ የሚወጣውን ላኩ። መምህራንም የኮርስ ገጻቸው ላይ መለጠፍ ያለባቸው ይህንኑ ነው፤ ፊልሙን አውርደው መጫን ፈቃዱን ይጥሳል።

ዳታ የሚያሳስባችሁ አስሉት። በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚወስድ ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይበላል። ጥራቱን ወደ 1 ሜጋቢት ብታወርዱት በሰዓት 450 ሜጋባይት ይሆናል። ንግግር ለሚበዛበት ዘጋቢ ፊልም ዝቅተኛው ይበቃል። ቪዲዮው መጫወቻ ላይ ያለችውን ባለ ጥርስ ጎማ ምልክት (ሴቲንግ) ተጫኑና ጥራቱን ራሳችሁ ምረጡ። «ኦቶ» ላይ ከተዋችሁት የሚችለውን ያህል ይጠጣል።

አሁን ደግሞ ጥቁሩ ስክሪን። በዙም ስብሰባ ላይ ፊልሙን ሼር ስታደርጉ ድምፁ ይሰማል፤ ሥዕሉ ግን ለሌሎቹ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ኢንተርኔቱ አይደለም፤ ኮምፒውተራችሁም አይደለም። ፊልሙ ላይ ያለው የቅጂ መከላከያ ነው እንዲያ የሚያደርገው። መፍትሔው ሊንኩን ለሁሉም ልኮ በየራሳቸው እንዲያዩ ማድረግ፣ ሰዓቱን አስተካክሎ አብሮ መጀመር ነው። ፕሮጀክተር ላይም አሮጌ ገመድ ወይም መቀየሪያ በመሃል ካለ ይኸው ጥቁር ነገር ሊመጣ ይችላል። ከላፕቶፑ እስከ ፕሮጀክተሩ በኤችዲኤምአይ ብቻ ሞክሩት። ለዝግጅት ከሆነ ቀደም ባለው ቀን፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ፕሮጀክተር ሞክሩ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ክፍል ውስጥ ለትምህርት ማሳየትና የተማሪዎች ክበብ በሩን ከፍቶ ማስታወቂያ ለጥፎ ማሳየት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የሕዝብ ማሳያ መብት ይጠይቃል። አንዳንዱ ፊልም ይህ መብት ተካቶለት ይመጣል፤ አንዳንዱ አይመጣም። ፖስተሩን ከማተማችሁ በፊት ባለሙያውን ጠይቁ።

6. በእጅ የሚያዘው

ዲቪዲ አልሞተም። ስትሪሚንግ ላይ ጨርሶ የሌሉ ፊልሞች መደርደሪያ ላይ አሉ። ስትዋሱ ዲስኩን ገልብጣችሁ መብራት ላይ እዩት፤ ጭረት ካለ እዚያው ተናገሩ። ከሳጥኑ ጀርባ ላይ ያለችውን ቁጥርም ተመልከቱ። ዲቪዲ በዓለም ዙሪያ በ6 ክልሎች ተከፍሏል፤ የዲስኩ ቁጥርና የማጫወቻው ካልገጠሙ አይጫወትም። 0 ወይም «ኦል» ካለ የትም ይሠራል። ላፕቶፓችሁ የዲስክ ማስገቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካውን ቤተ መጻሕፍቱ ያውስ እንደሆነ ጠይቁ።

ካሜራ ስትዋሱ ጠረጴዛው ላይ ሳላችሁ አብሩት። ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ሜሞሪ ካርድ፣ ገመድ፤ እየቆጠራችሁ ተረከቡ። ስትመልሱ ቀረጻችሁን ወደ ኮምፒውተር ገልብጣችሁ ካርዱን ባዶ አድርጉት። ካርዱ ተመልሶ ሲመጣ ይጸዳል። የሦስት ቀን ቃለ መጠይቅ ካርዱ ላይ ትቶ የመለሰ ልጅ ፊቱ አሁንም ትዝ ይለኛል።

7. አልሠራ ሲል

በመጀመሪያ የአድራሻ መስመሩን እዩ። የኮሌጃችሁ ቅጥያ አለ? ከሌለ ዝጉትና በቤተ መጻሕፍቱ በር እንደገና ግቡ። ግማሹ ችግር እዚህ ያልቃል።

ካልሆነ ኢንኮግኒቶ በሚባለው የግል መስኮት ክፈቱት። ከሠራ ችግሩ ብራውዘራችሁ ያከማቸው ኩኪ ነው፤ አጽዱት። ካልሠራ ሌላ ብራውዘር ሞክሩ። ቪፒኤን ካበራችሁ አጥፉት፤ የቪዲዮ መድረኮች አይወዱትም። ውጭ አገር ላይ ሆናችሁ አንድ ፊልም ብቻ እምቢ ካለ ፈቃዱ ለዚያ አገር አይሠራ ይሆናል።

ከዚያ በላይ አትድከሙ። ለባለሙያው ጻፉ። «አይሠራም» ብቻ የሚል መልእክት ሁለታችንንም ያመላልሰናል። የምትከፍቱትን ሊንክ፣ የወጣውን መልእክት ስክሪንሾት፣ ቀንና ሰዓቱን፣ ግቢ ውስጥ ወይም ውጭ መሆናችሁን ላኩ። በእነዚህ አራት ነገሮች ብዙውን ችግር በአንድ ምላሽ እንጨርሰዋለን።

መጽሐፉ ተይዞ ከሆነም ጻፉልን። ለዚያ ማታ ለጻፈልኝ ተማሪ ያደረግነው ይህንኑ ነው። የወረቀቱ ቅጂ መደርደሪያ ላይ መኖሩን አየሁለት፤ ነበር። የሚፈልገው አንድ ምዕራፍ ስለነበረ በሕግ በሚፈቀደው መጠን ስካን ተደርጎ ተላከለት። እኛ ከሌለን ደግሞ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት እናስመጣለን። ይህ የቤተ መጻሕፍት እርስ በርስ ውሰት በብዙ ኮሌጆች ለተማሪው ነፃ ነው። የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። «ተይዟል» የሚል መልእክት በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ የ1 ሰው ፈቃዱን ወደ 3 ለማሳደግ መከራከሪያ ይሆነናል። ዝም ብላችሁ ከሄዳችሁ ግን አንሰማም።

8. ማየት ወይም መስማት ለሚቸግራቸው

ስክሪን የሚያነብ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ምርጫ ካላችሁ ከፒዲኤፍ ይልቅ ኢፐብ የሚባለውን ምረጡ። ጽሑፉ ከስክሪኑ ጋር ይሰፋል፤ የንባብ ቅደም ተከተሉም ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ለሶፍትዌሩ ሥዕል ነው፤ አንድም ቃል አያነብም። እንዲህ ያለ ፋይል ከደረሳችሁ ተስማሚ ቅጂ የመጠየቅ መብት አላችሁ። በ2013 የተፈረመውና በ2016 ሥራ ላይ የዋለው የማራኬሽ ስምምነት፣ በተቀበሉት አገሮች፣ ለዓይነ ስውራንና ማንበብ ለሚቸግራቸው ሰዎች ያለ ባለ መብቱ ፈቃድ ተስማሚ ቅጂ ማዘጋጀትን ይፈቅዳል። ቪዲዮ ካፕሽን ከሌለውም ጠይቁ። ጊዜ ስለሚወስድ ቀደም በሉ።

9. ስለ ግላዊነት ጥቂት

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ምን እንዳነበባችሁ ለማንም አይናገርም። መድረኮቹ ግን የራሳቸው አካውንት ሲያስከፍቷችሁ የራሳቸውን መዝገብ ይይዛሉ። በ2014 አዶቢ ዲጂታል ኤዲሽንስ የተጠቃሚውን የንባብ መረጃ ሳይመሰጥር ወደ ኩባንያው ይልክ እንደነበር ታውቆ ብዙ ጩኸት ተነስቶ ነበር፤ በኋላ አስተካክለውታል። ስለዚህ የግድ ካላስፈለገ አካውንት አትክፈቱ። በእንግድነት ማየት የሚፈቅድ መድረክ ከሆነ በእንግድነት እዩ። በጋራ ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሳትወጡ አትነሱ።

10. ከመመረቃችሁ በፊት

አካውንታችሁ ከምረቃ በኋላ ይዘጋል። በአንዳንድ ኮሌጅ ሳምንታት ይቆያል፤ በሌላው በማግስቱ ይጠፋል። ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። መድረኩ ውስጥ ያከማቻችሁት ማስታወሻና ያሰመራችሁበት መስመር ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የመጨረሻው ወር ላይ አንድ ከሰዓት መድቡና ማስታወሻዎቻችሁን አውጡ። የመጻሕፍቱን ዝርዝር እንደ ዞቴሮ ወዳለ ነፃ የምንጭ ማደራጃ ፕሮግራም አሻግሩ።

ብዙ ቤተ መጻሕፍት የተመረቀ ሰው ግቢ መጥቶ፣ እዚያው ባለው ኮምፒውተር እንዲያነብ ይፈቅዳል። ከቤት ሆናችሁ ደግሞ ያለ ምንም አካውንት የሚከፈቱ አሉ። ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከ1971 ጀምሮ መብታቸው ያለፈባቸውን መጻሕፍት ያስነብባል። ኢንተርኔት አርካይቭ ከ1996 ጀምሮ አለ፤ የድሮ ፊልሞችም አሉት። የጥናት መጽሐፍ ለምትፈልጉ ደግሞ ክፍት ተደራሽ መጻሕፍትን የሚዘረዝረውን «ዶአብ» (DOAB) የተባለ ማውጫ ክፈቱ። እዚያ ያለው መጽሐፍ የ1 ሰው፣ የ3 ሰው የሚባል ነገር የለውም። አውርዱት፣ ለጓደኛ ላኩት፣ ማንም «ተይዟል» አይላችሁም።